«ይህን ፈተና አንሰጥም»፦ የሲያትል መምህራን እምቢታና የአሜሪካ ትምህርት ቤት ፈተናዎች

ጃንዋሪ 10 ቀን 2013 በሲያትል የጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ጋዜጠኞችን ሰብስበው፣ የከተማዋን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት (ዲስትሪክቱ) ያዘዘውን «ማፕ» የተባለ የኮምፒውተር ፈተና ለተማሪዎቻቸው እንደማይሰጡ አስታወቁ። የአንድ ሁለት ሰው ኩርፊያ አልነበረም። ጉዳዩ በመምህራኑ ስብሰባ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ጥቂቶች ድምፀ ተአቅቦ ከማድረጋቸው በቀር የተቃወመ አልተገኘም። የተማሪዎች ምክር ቤትና የወላጆች ኅብረትም ደገፏቸው። ዲስትሪክቱ በበኩሉ እምቢ ያለ መምህር እስከ 10 ቀን ያለ ደመወዝ ሊታገድ እንደሚችል አስጠነቀቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋርፊልድ ያለበት ሴንትራል ዲስትሪክት ሲያትል የደረሱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለብዙ ዓመታት የኖሩበት፣ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱበት ሰፈር ነው። ነገሩን ማንሳት ያስፈለገው ግን ለሰፈሩ ሲባል አይደለም። በየዓመቱ የጸደይ ወራት ሲቃረብ «ልጅዎ የግዛቱን ፈተና ይወስዳል» የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ፈተናው ማንን እንደሚመዝን፣ የልጁ መምህር ራሱ ስለ ፈተናው ሲጠየቅ ለምን ፊቱን እንደሚያጠቁር የሚያውቀው ወላጅ ግን ብዙ አይደለም።

## እንደኛ አገር ማትሪክ ነው?

አይደለም፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚያጣራው ተማሪውን ነው። በ2014 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ መዘዙ የወደቀውም በልጆቹ ላይ ነው። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚሰጡት ፈተናዎች ግን የልጁን የሪፖርት ካርድ በአብዛኛው አይነኩም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ማለፉንም አይወስኑም። የ3ኛ ክፍል የንባብ ፈተናን የማለፊያ መስፈርት ያደረጉ ግዛቶች አሉ፣ እሱ ለብቻው ነው። ውጤቱ ሲወጣ የሚመዘነው ትምህርት ቤቱ ነው። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ መምህሩ።

ስታንዳርዳይዝድ ፈተና ማለት ለተፈታኙ ሁሉ በአንድ መመሪያ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተሰጥቶ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚታረም ፈተና ነው። ውጤቱ የሚነገረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ልጁን ከእኩዮቹ ጋር ያወዳድራል። «60ኛ ፐርሰንታይል» ማለት ከመቶ ስልሳ አገኘ ማለት አይደለም፤ ከመቶ እኩዮቹ መካከል 60ውን በለጠ ማለት ነው። ሁለተኛው ልጁን ከተወሰነ መስፈርት ጋር ያወዳድራል። ለምሳሌ ዋሽንግተንና ካሊፎርኒያ በሚጠቀሙበት «ስማርተር ባላንስድ» በተባለው ፈተና የ3ኛ ክፍል ልጅ በእንግሊዝኛ ደረጃውን አሟልቷል የሚባለው 2432 ነጥብ ሲያመጣ ነው። 2431 ያመጣው አላሟላም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ የሚወስዳቸው እነዚህ ፈተናዎች ከአንድ ቦታ የታዘዙ አይደሉም። አንዳንዱን የሚያዘው የፌዴራል ሕግ ነው፣ አንዳንዱን ግዛቱ፣ አንዳንዱን ደግሞ ዲስትሪክቱ በራሱ ፈቃድ ገዝቶ ያመጣዋል። የጋርፊልድ መምህራን አንሰጥም ያሉት ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ነው። የግዛቱን ፈተና ሰጥተዋል።

## ይህ ሁሉ ፈተና ከየት መጣ?

ግዛቶች ድሮም ይፈትኑ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ጃንዋሪ 8 ቀን 2002 የፈረሙት «ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ» የተባለው ሕግ የጨመረው ግዴታንና ቅጣትን ነው። የፌዴራል የትምህርት ድጎማ የሚቀበል ግዛት ሁሉ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አንድ ጊዜ በንባብና በሒሳብ መፈተን አለበት። ሳይንስ በትምህርት ዘመኑ ሦስት ጊዜ ይጨመራል። ሲደመር አንድ ልጅ 12ኛን እስኪጨርስ 17 ፈተና ይሆናል።

ውጤቱ በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በልዩ ፍላጎትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ተከፋፍሎ ይቆጠር ነበር። ከቡድኖቹ አንዱ የዓመቱን ግብ ካልመታ፣ ወይም ለፈተናው የቀረቡት ከ95 በመቶ ካነሱ፣ መላው ትምህርት ቤት እንደወደቀ ይመዘገባል። የድሃ ቤተሰብ ልጆች ድጎማ የሚቀበል ትምህርት ቤት በተከታታይ ሁለት ዓመት ከወደቀ ወላጆች ልጃቸውን ወደ ሌላ እንዲያዛውሩ ይፈቀድላቸዋል። በሦስተኛው ለአስጠኚ የሚከፈል ገንዘብ ከድጎማው ላይ ይወጣል። እየቀጠለ ሲሄድ ርዕሰ መምህሩንና መምህራኑን እስከ መቀየር ይደርሳል። ግቡ በየጊዜው ከፍ እያለ በ2014 መቶ በመቶ ላይ መድረስ ነበረበት፤ እንግሊዝኛ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳይቀር ማለት ነው። መቶ በመቶ እንደማይደረስ ሕጉ ሲወጣም የሚናገሩ ነበሩ። ቢሆንም ሕጉ ሕግ ነውና ቅጣቱ ቀጠለ።

መምህሩን በግሉ ወደ ሚዛኑ ያስገባው የኦባማ አስተዳደር ነው። በ2009 የተጀመረው «ሬስ ቱ ዘ ቶፕ» 4.35 ቢሊዮን ዶላር አቅርቦ ግዛቶችን አወዳደረ፤ ነጥብ ከሚያስገኙት ነገሮች አንዱ የመምህራንን ምዘና ከተማሪዎቻቸው የፈተና ዕድገት ጋር ማያያዝ ነበር። ቀጥሎም ከ2002ቱ ሕግ ቅጣት ለመዳን የፈለገ ግዛት ይህንኑ እንዲያደርግ ተጠየቀ።

ዲስትሪክቶች ደግሞ ከላይ የሚመጣው ቅጣት ስላስፈራቸው የራሳቸውን ፈተና ደረቡ። የግዛቱ ፈተና ውጤት የሚመጣው ትምህርት ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ልጆቹ ያሉበትን ቀድሞ የሚያሳይ ፈተና በመከር፣ በክረምትና በጸደይ ይሰጥ ተባለ። በ2015 በ66 ትልልቅ ከተሞች ዲስትሪክቶች ላይ የተሠራ ጥናት አንድ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ በአማካይ 112 ያህል የታዘዙ ፈተናዎች እንደሚወስድ፣ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ብቻውን በዓመት 25 ሰዓት ያህል ፈተና ላይ እንደሚያሳልፍ አገኘ። ይህም የመምህሩን የክፍል ፈተናና ለፈተና መዘጋጃ የሚጠፋውን ጊዜ ሳይጨምር ነው።

## ማፕ እንዴት ይሠራል? መምህራኑስ ምኑን ጠሉት?

ማፕን የሠራው ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ የሚገኘው ኖርዝዌስት ኢቫሉዌሽን አሶሲዬሽን የተባለ፣ በዚያን ጊዜ ለትርፍ ያልተቋቋመ የነበረ ድርጅት ነው። ሲያትል በ2009 ገዛው። ልጁ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ መካከለኛ ነው። ከመለሰ የሚቀጥለው ይከብዳል፣ ከሳተ ይቀላል። እንዲህ እየወጣና እየወረደ ከ40 እስከ 50 በሚደርሱ ጥያቄዎች የልጁን ደረጃ ይገምታል። የሰዓት ገደብ የለውም። ፈተናው የተሠራው ማንኛውም ልጅ ግማሽ ያህሉን እንዲስት ተደርጎ ነው። ጎበዙም ግማሹን ይስታል፤ የሚለየው የሳታቸው ጥያቄዎች ክብደት ነው። ስለዚህ ልጅዎ «ግማሹን አላወቅኩትም» ብሎ ቢመጣ ገና አያስደነግጥም።

ነጥቡ «ሪት» በተባለ፣ ከክፍል ክፍል በሚቀጥል መለኪያ ይሰጣል። በ9ኛ ክፍል ንባብ አማካዩ 220 አካባቢ ነው። እንደ ማንኛውም መለኪያ ስህተት አለው፤ የአንድ ልጅ ነጥብ ወደ 3 ነጥብ ያህል ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። የ2ኛ ክፍል ልጅ በዓመት ከ10 ነጥብ በላይ ስለሚያድግ 3 ነጥብ ስህተት ዕድገቱን አይሸፍነውም፤ መምህሯ ማን እንደገፋ፣ ማን እንደቆመ ልታይበት ትችላለች። 9ኛ ክፍል ሲደረስ ግን የሚጠበቀው የዓመት ዕድገት ከ2 እስከ 3 ነጥብ ብቻ ነው። የእህል መጋዘን ሚዛን ኩንታል ጤፍ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢሳሳት የሚሟገት የለም፤ በዚያው ሚዛን ወርቅ ይመዘን ሲባል ነው ጠብ የሚነሳው።

በቁጥር እንየው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በመከር 220፣ በጸደይ 222 አመጣች እንበል። ዕድገቷ 2 ነው። ሁለቱም ነጥቦች እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ስህተት ስላላቸው የልዩነቱ ስህተት ከሁለቱም ይበልጣል፦ 3 በ3 ሲባዛ 9፣ ሁለት ጊዜ 18፣ የ18 ስኩዌር ሩት 4.2። ስለዚህ እውነተኛው ለውጥ ከ2 ነጥብ መቀነስ እስከ 6 ነጥብ መጨመር ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል፤ ከሦስት ልጆች የአንዷ ደግሞ ከዚህም ውጭ ይወድቃል። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ተማረችም፣ ተኛችም፣ ቁጥሩ አይለየውም። የጋርፊልድ የንባብ መምህርት ማሎሪ ክላርክና ባልደረቦቿ ያነሱት ዋናው ክርክር ይህ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ የፈተናው ስህተት ከሚጠበቀው ዕድገት ይበልጣል።

ለፈተናው ወገንም ፍትሐዊ እንሁን። የአንድ ልጅ ስህተት ትልቅ ቢሆንም የ25 ልጆች አማካይ ሲወሰድ 4.2 ለ5 ተካፍሎ ከ1 በታች ይወርዳል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ልጆቹ ከልባቸው ከተፈተኑ ነው። የማፕ ውጤት ለሪፖርት ካርድ አይቆጠርም፤ ዩኒቨርሲቲም አይጠይቀውም። የ15 ዓመት ልጅ ይህን ሲያውቅ ጥያቄውን ሳያነብ ቁልፍ እየተጫነ በሩብ ሰዓት ጨርሶ ይወጣል። (ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በጣም የሚቸኩሉትን የሚለይ ዘዴ ጨምሯል።) እንዲህ ያለው ስህተት ደግሞ በአማካይ አይጠፋም፤ አማካዩን ይዞ ይወርዳል።

የቀረው ቅሬታ የዕለት ተዕለት ነው። ፈተናው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሰጥ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ለሳምንታት ይያዛሉ፤ ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ያጣል። አልጀብራ 1 የሚማር ልጅ ገና ያልደረሰበት ጂኦሜትሪ ይመጣበታል። መምህራን ጥያቄዎቹን እንዲያዩ ስለማይፈቀድ ልጁ የሳተው የቱን እንደሆነ አያውቁም፤ የሚደርሳቸው ቁጥር ነው። ከክፍል ወጥተው የሚፈተኑት ደግሞ በዋናነት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችና የንባብና የሒሳብ ድጋፍ የሚሰጣቸው ልጆች ናቸው፤ የትምህርት ሰዓት መባከን የማይገባቸው እነሱ። በዚህ ላይ ፈተናው በተገዛበት ጊዜ የዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ማሪያ ጉድሎ-ጆንሰን የአምራቹ ድርጅት የቦርድ አባል ሆነው ሳለ ይህን አለማሳወቃቸው በግዛቱ ኦዲተር ተነቅፎ ነበር።

## የተማሪ ነጥብ መምህሩን ሊመዝን ይችላል?

ሐሳቡ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። የልጁን ያለፉ ዓመታት ውጤት ወስዶ ዘንድሮ ምን ያህል እንደሚያመጣ ኮምፒውተር ይተነብያል። ከትንበያው በላይ ካመጣ ለመምህሩ ይመሰገንበታል፣ በታች ካመጣ ይወቀስበታል። «የተጨመረ እሴት» ይሉታል። ችግሩ ትንበያው የማያየው ብዙ መሆኑ ነው፤ በመሃል ዓመት ቤት የለቀቀ ቤተሰብ፣ ከሌላ መምህር ያገኘው እገዛ፣ የርዕሰ መምህሩ የክፍል ድልድል። የአሜሪካ ስታቲስቲሻኖች ማኅበር በ2014 ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች በፈተና ውጤቶች መካከል ከሚታየው ልዩነት የመምህሩ ድርሻ ከ1 እስከ 14 በመቶ ብቻ እንደሆነ ማግኘታቸውን ገልጿል።

ይህ በአንድ ሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳየችው በኒው ዮርክ ግሬት ኔክ የ4ኛ ክፍል መምህርት የሆነችው ሼሪ ሌደርማን ናት። በ2012–13 የትምህርት ዘመን በተማሪዎቿ የፈተና ዕድገት ተመዝና ከ20ው 14 ነጥብ ተሰጣት። በሚቀጥለው ዓመት 1። የተማሪዎቿ ውጤት በሁለቱም ዓመታት ተቀራራቢ ነበር፣ ከግዛቱ አማካይም በጣም ይበልጥ ነበር። ከፈተናው ጣሪያ አጠገብ ያለ ልጅ ወደ ላይ የሚያድግበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ሁለት ጥያቄ ቢስት ግን ቁልቁል ይታያል። መምህራንም እርስ በርሳቸው ስለሚወዳደሩ፣ ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ ከታች የሚመደብ አይጠፋም። ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቀረበችው። በሜይ 2016 የግዛቱ ዳኛ የተሰጣት ነጥብ በቂ ምክንያት የሌለውና የዘፈቀደ ነው ብለው ሰረዙት። ፍርዱ የእሷን ነጥብ ብቻ ነው የሰረዘው፤ አሠራሩን በሙሉ አላፈረሰም።

ሂውስተን ላይ መምህራን የተከራከሩት ሌላ ነገር ይዘው ነው፦ የሚመዘኑበት ስሌት የአንድ ኩባንያ ምስጢር ስለነበር ትክክል መሆኑን ማንም ሊያጣራው አይችልም። በ2017 የፌዴራል ዳኛው ይህ ለክስ እንደሚበቃ ከወሰኑ በኋላ ዲስትሪክቱ በዚያው ዓመት ከመምህራኑ ማኅበር ጋር ታረቀ፤ ሊጣራ በማይችል ነጥብ መምህር አላባርርም አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ግን መምህራን ጭራሽ ባላስተማሯቸው ልጆች፣ ወይም በማያስተምሩት ትምህርት ውጤት ሲመዘኑ፣ ዳኛው በ2014 አሠራሩ ፍትሐዊ አይደለም ነገር ግን ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብለው ፈረዱባቸው።

## ክፍል ውስጥ ምን ይለወጣል?

2432ን፣ ደረጃውን አሟልቷል የሚያሰኘውን ነጥብ፣ እናስታውስ። ትምህርት ቤቱ የሚቆጠርለት መስመሩን ያለፉት ልጆች ብዛት ከሆነ፣ 2425 ያመጣ ልጅ ውድ ነው፤ በትንሽ ልምምድ ይሻገራል። 2330 ያመጣው በአንድ ዓመት አይደርስም፣ 2500 ያመጣውም አልፏል። የተጨማሪ ጥናት ሰዓቱ ለማን እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። አሜሪካውያን መምህራን ለእነዚህ የመስመር አፋፍ ልጆች ስም አውጥተውላቸዋል፣ «በብል ኪድስ» ይሏቸዋል። በፈተና የማይመጣው ታሪክ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ ሰዓቱን ለንባብና ለሒሳብ ይለቃል።

ጫናው ሲበረታ ወዴት እንደሚያደርስ አትላንታ ታየ። በ2011 የወጣው የጆርጂያ ግዛት የምርመራ ሪፖርት ከታዩት 56 ትምህርት ቤቶች በ44ቱ ማጭበርበር ማግኘቱን፣ 178 የትምህርት ባለሙያዎች እንደተሳተፉበት ገለጸ። የተደረሰበት በላጲስ ነው። የመልስ ወረቀት የሚያነበው ማሽን ተፍቆ የተቀየረውን መልስ ከደበዘዘው ጥቁረት ይለያል፤ ከስህተት ወደ ትክክል የተቀየሩት ከተለመደው ቁጥር እጅግ በልጠው ተገኙ። ልጆች ከሄዱ በኋላ መልስ ሲያርሙ የነበሩት መምህራንና አስተዳዳሪዎች ናቸው። በ2015 በተጠናቀቀው ችሎት 11 ሰዎች፣ ለተደራጀ ወንጀል በወጣው ሕግ ጭምር፣ ጥፋተኛ ተባሉ።

## ታዲያ ጨርሶ ለምን አይቀርም?

የሚቃወሙት ሁሉ መምህራን፣ የሚደግፉት ሁሉ ፖለቲከኞች የሚመስለው ሰው አለ። በሜይ 2015 የልጆችን ከፈተና መቅረት በይፋ የተቃወሙት 12 የሲቪል መብት ድርጅቶች ነበሩ፤ የጥቁሮችን መብት ለረጅም ዘመን ሲያስከብር የኖረው ኤንኤኤሲፒ አንዱ ነው። የሚሉት ይህ ነው፦ ከ2002 በፊት አንድ ትምህርት ቤት አማካዩ ጥሩ ስለሆነ ይመሰገናል፣ ጥቁር ልጆች፣ ድሆች፣ አዲስ መጤዎች ከአማካዩ ሥር ተደብቀው ይቀራሉ። በቡድን የተከፋፈለ ውጤት ባይኖር ማን እንዳላስተማራቸው በምን ይታወቃል? የክፍል ማርክ ከመምህር መምህር ይለያያል፤ በአንዱ ትምህርት ቤት «ኤ» ያገኘ በሌላው «ሲ» ሊያገኝ ይችላል።

ክርክሩ ክብደት አለው። በእኔ እይታ መልሱ ያለው ከመጠኑና ከአጠቃቀሙ ላይ ነው። የግዛት ወይም የከተማ ልዩነትን ለማወቅ እያንዳንዱን ልጅ በየዓመቱ መፈተን የግድ አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ኔፕ በሚባለው ፈተና በናሙና የተመረጡ ልጆችን ብቻ እየፈተነ ግዛቶችን ያወዳድራል። ለመምህር ምዘና ግን ናሙና አይሆንም፤ ሁሉም ልጅ በየዓመቱ እንዲፈተን ከሚገፉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

## የጋርፊልዱ እምቢታ በምን አለቀ?

በፌብሩዋሪ ዲስትሪክቱ ፈተናውን በአስተዳዳሪዎች ለማሰጠት ሞከረ። አስተዳዳሪዎቹ በየክፍሉ እየገቡ ተማሪዎችን ሲጠሩ ብዙ ወላጆች ልጃቸው እንዳይፈተን ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ከወንበራቸው አልነሳም ያሉ ተማሪዎችም ነበሩ። የታሪክ መምህሩ ጄሲ ሃጎፒያን የመምህራኑ ድምፅ ሆኖ ጉዳዩን አገር አቀፍ አደረገው፣ ሌሎች የሲያትል ትምህርት ቤቶችም ተከተሉ። ሜይ 13 ቀን 2013 የዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ ሆዜ ባንዳ ማፕ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፈቃድ እንዲሆን ወሰኑ። በእምቢታው የተቀጣ መምህር የለም። የማሸነፋቸው ምክንያት ቀላል ነው፦ ማፕን ያዘዘው ዲስትሪክቱ ስለሆነ ሊተወውም የሚችለው ዲስትሪክቱ ነበር። የግዛቱን ፈተና ቢሆን ሲያትል ብትፈልግም ልትሰርዘው አትችልም።

ዋሽንግተን ግዛት ራሷ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ቀመሰችው። ምክር ቤቷ የግዛቱን ፈተና በመምህራን ምዘና ውስጥ ግዴታ አላደርግም ስላለ፣ በኤፕሪል 2014 ከፌዴራሉ ቅጣት ነጻ የሚያደርጋትን ፈቃድ የተነጠቀች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። የ2002ቱ ሕግ መቶ በመቶ ግብ ወዲያው ተመለሰባትና በዚያው ዓመት ከ10 ትምህርት ቤቶች 9 ያህሉ «ወድቀዋል» ተባሉ፤ ደብዳቤው ለየወላጁ ተላከ። በ2015 ጸደይ ከግዛቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ አልፈተንም አሉ። በኒው ዮርክ በዚያው ጸደይ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ካሉት ከአምስት አንዱ ቀረ። በዲሴምበር 2015 «ኤቭሪ ስቱደንት ሰክሲድስ አክት» የተባለው አዲስ ሕግ ሲወጣ 17ቱን ፈተናዎችና 95 በመቶውን እንዳሉ ትቶ የቅጣቱን መሰላል አነሳ፤ መምህርን በፈተና መመዘንም ለግዛቶች ውሳኔ ተተወ። የቅርቡ ትልቅ ለውጥ የማሳቹሴትስ ነው፤ በኖቬምበር 2024 የግዛቱን ፈተና ሳያልፉ ዲፕሎማ አይሰጥም የሚለውን ሕግ 59 በመቶ ያህሉ መራጭ ሻረው። ፈተናው ግን ዛሬም ይሰጣል።

## ልጄን አላስፈትንም ማለት እችላለሁ?

መጀመሪያ የትኛው ፈተና እንደሆነ ይጠይቁ፤ የግዛት ነው፣ የዲስትሪክት ነው፣ ወይስ የእንግሊዝኛ ችሎታ? መልሱ በዚህ ይለያያል። በዋሽንግተን ግዛት ወላጅ በየዓመቱ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ በማሳወቅ ልጁን ከግዛቱ ፈተና ማስቀረት ይችላል። ማርኩ አይነካም፤ በትምህርት ቤቱ ውጤት ላይ ግን ደረጃውን እንዳላሟላ ልጅ ይቆጠራል። ቨርጂኒያና ቴክሳስ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ የተወሰኑ የግዛት ፈተናዎች ለዲፕሎማ ስለሚያስፈልጉ ሳይጠይቁ መቅረት ልጁን ይጎዳል። በቃል የተነገረ ነገር ስለሚረሳ በኢሜይል ይጻፉ።

ለእኛ ቤተሰቦች ከሁሉ የሚበልጠው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው ነው። ልጅ ሲመዘገብ የሚሞላው የቤት ቋንቋ ቅጽ ላይ አማርኛ ከተጻፈ ልጁ አጭር የመለያ ፈተና ይሰጠዋል። «ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የሚሰጥ ድጋፍ) ውስጥ ይከቱብኛል» በሚል ፍራቻ እንግሊዝኛ ብለው የሚሞሉ አሉ፤ ልጁ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ ድጋፉም፣ በሌሎቹ ፈተናዎች የሚፈቀድለት ተጨማሪ ሰዓትም አብሮ ይቀርበታል። ድጋፉን አልፈልግም ማለት የወላጅ መብት ነው፤ ዓመታዊው ፈተና ግን በፌዴራል ሕግ ግዴታ ስለሆነ ድጋፉን ቢተዉም ልጁ ደረጃውን አሟልቶ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥላል። ዋሽንግተን ግዛትን፣ ዋሽንግተን ዲሲን፣ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያን፣ ጆርጂያንና ሚኒሶታን ጨምሮ አብዛኞቹ ግዛቶች «ዊዳ አክሰስ» የተባለውን ይጠቀማሉ። ከ1 እስከ 6 ይታረማል። ንባብና ጽሕፈት እያንዳንዳቸው 35 በመቶ፣ ማዳመጥና መናገር 15፣ 15 በመቶ ይይዛሉ። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ የሚያወራ ልጅ ከዓመት ዓመት ከዚህ ፕሮግራም የማይወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው፤ መናገሩ ከ15 በመቶ በላይ አይቆጠርለትም፣ የሚጎትተው ጽሕፈቱ ነው።

አሜሪካ ከገባ 12 ወር ያልሞላው ልጅ ከግዛቱ የእንግሊዝኛ ፈተና አንድ ጊዜ ሊዘለል ይችላል፤ ከሒሳቡ ግን አይዘለልም። በብዙ ግዛቶች ማብራሪያ የሌለው፣ ቃል ለቃል ብቻ የሆነ የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ፈቃዱ ከፈተናው በፊት በልጁ ፋይል ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ልጁም መጽሐፉን ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲገልጠው ካልቆየ በፈተናው ቀን ቃል ሲፈልግ ጊዜው ያልቅበታል።